ከጀርመን ወደ ጅማ የተላከውን ጥቅል በስልኬ የተከታተልኩበት መንገድ

ታናሽ እህቴ ለአባታችን በሐኪም ትእዛዝ የተሠራ መነጽር ከጀርመን በፖስታ ከላከችበት ቀን ጀምሮ፣ ጋዜጣ ማንበብ ካቆሙ ወራት ያስቆጠሩት አባቴ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ባለው ቤታችን በየማታው «ዕቃው የት ደረሰ?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። እኔም 17ትራክ የተባለውን መተግበሪያ በስልኬ ጭኜ የመከታተያ ቁጥሩን አስገባሁ። ሆኖም ለአራት ቀናት ያገኘሁት ምላሽ መረጃ አለመኖሩን የሚገልጽ ብቻ ነበር።

ስህተቱ የእኔ ነበር። እህቴ ቁጥሩን ሁለት ሁለት አሃዝ እያደረገች በስልክ ስትነግረኝ፣ «ስልሳ ሁለት» ያለችውን «ሠላሳ ሁለት» ብዬ ጽፌዋለሁ። ይህን የደረስኩበት የዓለም ፖስታ ኅብረት ስላወጣው የቁጥር አሠራር ካነበብኩ በኋላ ነው። ቁጥሩ በጠቅላላው 13 ቁምፊዎች አሉት፤ እነርሱም የአገልግሎቱን ዓይነት የሚያሳዩ ሁለት የላቲን ፊደላት፣ ስምንት አሃዞች፣ አንድ ማረጋገጫ አሃዝና የላኪውን አገር የሚጠቁሙ ሁለት ፊደላት ናቸው። የጀርመን «ዲኢ»፣ የእኛ ደግሞ «ኢቲ» ነው። ስምንቱ አሃዞች በቅደም ተከተል በ8፣ 6፣ 4፣ 2፣ 3፣ 5፣ 9 እና 7 ተባዝተው ይደመራሉ፤ ድምሩ ለ11 ተካፍሎ የሚተርፈው ከ11 ሲቀነስ ማረጋገጫው አሃዝ ይገኛል፤ ውጤቱ 10 ከሆነ 0፣ 11 ከሆነ ደግሞ 5 ይጻፋል። በወረቀት ላይ ሳሰላው የጻፍኩት ቁጥር አልገጠመም፤ እህቴ የደረሰኙን ፎቶ ስትልክልኝ ግን ገጠመ።

ከዚያ ጥቅሉ ከፍራንክፈርት በ21፡15 መውጣቱን አየሁ፤ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3፡15 መሆኑ ነው፤ ሰዓቱም የጀርመን እንጂ የኢትዮጵያ አይደለም። ቀጥሎ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አዲስ ነገር ስላልታየ ጠፍቷል ብዬ አባቴንም አስጨነቅኳቸው። መተግበሪያው ግን ጥቅሉን ራሱን አያይም። የሚያሳየው የየአገሩ ፖስታ ሠራተኞች በጥቅሉ ላይ የተለጠፈውን ባርኮድ ባነበቡ ጊዜ የተመዘገበውን ብቻ ስለሆነ፣ ዕቃው በጉዞ ላይ ሳለ ወይም አውሮፕላን ሲጠብቅ ዝም ማለቱ የመጥፋት ምልክት አይደለም።

አዲስ አበባ መድረሱ ከታየ በኋላም ስልኬን እየጠበቅሁ ሌላ ሳምንት አባከንኩ። የተጻፈው አድራሻ የፖስታ ሣጥናችን ሆኖ ሳለ ሣጥኑን ሳልከፍት ቆይቼ ነበር፤ በከፈትኩበት ዕለት የማስታወቂያው ወረቀት ውስጡ ተቀምጦ አገኘሁት። መታወቂያዬንና ወረቀቱን ይዤ ሄጄ መነጽሩን በዚያው ጠዋት ተረከብኩ።

አሁን እህቴ የአባቴን ሁለተኛ መነጽር ልካለች። በዚህኛው ጊዜ የደረሰኙን ፎቶ በዕለቱ አስልኬ ማረጋገጫውን አሃዝ ራሴ አስልቻለሁ፤ አዲስ አበባ ገባ የሚል መልእክት ካየሁ በኋላም ሣጥኑን በየሁለት ቀኑ እከፍታለሁ።