ስኳር ዓይን ሲነካ፦ ፈረቃው፣ መሪውና ደብዳቤው

ሐኪም ቤት የፊደል ሰሌዳውን እስከ ታች ያነበበ ሰው፣ ቤቱ ሲገባ የኢንሱሊን መርፌው ላይ ያለው መስመር ሊጠፋበት ይችላል። ሰሌዳው የሚነበበው በደማቅ ብርሃን፣ ጥቁር ፊደል በነጭ ላይ ነው። ስኳር ግን ጨለማ ውስጥ ማየትንም፣ ዳር ዳሩን መቃኘትንም፣ የተቀራረቡ ቀለሞችን መለየትንም ይጎዳል። የስደተኛ እንጀራ ደግሞ የሌሊት ፈረቃ፣ መኪና መንዳትና በሰው ቋንቋ የተጻፈ ደብዳቤ ላይ የቆመ ነው።

ሬቲና፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ውስጠኛ ሽፋን፣ የምትመገበው በጣም ቀጫጭን በሆኑ ደም ሥሮች ነው። ስኳር ለዓመታት ከፍ ሲል አንዳንዶቹ ፈሳሽ ያንጠባጥባሉ፣ ሌሎቹ ይዘጋሉ። ፈሳሹ የሬቲናው መሃል ላይ ሲጠራቀም ማንበብ ያስቸግራል፣ ቀጥ ያለው መስመር ይጎብጣል፣ የሰው ፊት ይደበዝዛል። (ሰላም ሳይል ያለፈ ወዳጅዎን ኮራ ከማለትዎ በፊት ይህን ያስቡ።) ደም ያጣው ክፍል ደግሞ አዳዲስ ደም ሥሮች ያበቅላል፤ እነሱ ስስ ስለሆኑ ድንገት ይደማሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሕመም የለውም፤ ስለዚህ «ደህና አያለሁ» ማስረጃ አይሆንም። ዓይነት 2 ያለበት ስኳሩ እንደታወቀ፣ ዓይነት 1 ያለበት በ5 ዓመት ውስጥ መታየት አለበት፤ ከዚያም ብዙውን ጊዜ በየዓመቱ። ስኳር እያለባት ያረገዘች ሴት በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ትታይ።

መነጽር ለመግዛት አይቸኩሉ። ስኳር ሲዋዥቅ የዓይን ሌንስም ቅርጹ ይለዋወጣል፤ ሕክምና በጀመሩበት ሰሞን የተለካ መነጽር ስኳሩ ሲረጋ አይሆንዎትም። ጥቂት ሳምንታት ይጠብቁ።

ሥራን የሚያናጋው ቀጠሮው ነው። ብሌን የሚያሰፋው ጠብታ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ብዥታው ከ4 እስከ 6 ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል፤ በዚያ ቀን መኪና አይነዳም። ሬቲናው ላይ የተጠራቀመውን ፈሳሽ የሚቀንሰው የዓይን መርፌ ከተጀመረ መጀመሪያ ላይ በየወሩ ነው። ዓይን ደንዝዞ፣ ከጀርም በሚያጸዳ መድኃኒት ታጥቦ፣ ነጩ ላይ በሰከንዶች ይወጋል። አንዳንዱ ፈረቃ እንዳያመልጠው ሁለተኛውን ወይም ሦስተኛውን ይዘላል፤ ያኔ ፈሳሹ ይመለሳል። የሚሻለው የመጀመሪያዎቹን ቀጠሮዎች አንድ ላይ አስይዞ ለአሠሪ የሚሰጥ ደብዳቤ መጠየቅ ነው። ሁለቱም ዓይኖች የሚወጉ ከሆነ በአንድ ቀን ይሆን እንደሆነም ይጠይቁ። ነጩ ላይ ደም ቢታይ አያስደነግጥም። በቀጣዮቹ ቀናት ሕመሙ ከበረታ፣ ዓይኑ ከቀላና እይታው ከቀነሰ ግን ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይሂዱ።

ሌዘር፣ ማለትም ሬቲናን በብርሃን ጨረር መተኮስ፣ ዓይነ ስውርነትን ይከላከላል፤ ነገር ግን በሰፊው ሲሠራ የማታና የዳር እይታን ሊቀንስ ይችላል። በሹፍርና የሚተዳደር ሰው ሥራውን ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር። በብዙ አገር እይታ ሲቀንስ ለመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ደብቆ መንዳት አደጋ ሲደርስ የኢንሹራንስ ጣጣ ያመጣል።

ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ፣ በእኛ እምነት፣ ከሁሉ የከፋው ልማድ ነው። አባት ልጁን ላለማስጨነቅ «ትንሽ ይደበዝዘኛል» ይላል፤ ልጁም ያንኑ አሳንሶ ይተረጉማል። አስተርጓሚ የሚጠየቀው ቀጠሮ ሲያዝ እንጂ በዕለቱ አይደለም። ንግግሩም የተጨበጠ ይሁን፦ «ማታ የመኪና መብራት ያሳውረኛል»፣ «የደረጃው ጠርዝ አይታየኝም»፣ «ኢንሱሊኔን የምትለካልኝ ሚስቴ ናት»። ሐኪሙ የሚወስነው ይህን ሰምቶ ነው።

የኢንሱሊኑ ጉዳይ ቀላል አይደለም። 100 ዩኒት በሚይዘው ሲሪንጅ ላይ አንዷ መስመር ብዙውን ጊዜ 2 ዩኒት ናት፤ በትንሹ ሲሪንጅ ላይ ግን 1 ወይም ግማሽ። በአንዱ የለመደ ሰው ሌላው ሲሰጠው መስመር ቢቆጥር እጥፉን ወይም ግማሹን ሊወጋ ይችላል። ቁጥሩ ጎላ ያለ የኢንሱሊን ብዕርና ውጤቱን በድምፅ የሚናገር የስኳር መለኪያ መኖሩን ይጠይቁ። የብዕሩን «ቀጭ» የሚል ድምፅ ብቻ እየቆጠሩ መውሰድ ግን አይመከርም።

ድንገት ብዙ ጥቁር ነጠብጣብ፣ የብርሃን ብልጭታ ወይም መጋረጃ የመሰለ ጥላ ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም። ስልክ ደውለው «ስኳር አለብኝ፣ እይታዬ ዛሬ ድንገት ተለወጠ» ይበሉ፤ ይህን ዓረፍተ ነገር በአገሩ ቋንቋ አስጽፈው ስልክዎ ውስጥ ያስቀምጡት።