የተገመጠች ፀሐይ በበረዶ ግድግዳ ላይ

ሰላም ወዳጆች። ሁለት ጊዜ ሞክሬ ያልሆነልኝ ነገር በሦስተኛው ተሳክቶልኛልና ላካፍላችሁ። የምኖረው ትሮምሶ ነው፣ ሰሜን ኖርዌይ፣ ከአርክቲክ ክበብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን። ሰማይ ማየት ትርፍ ሰዓቴን የሚወስድ ፍቅሬ ነው። እዚህ ሰው ሁሉ የሚያወራው ሌሊት ሰማዩን በቀለም ስለሚያበራው ስለ ሰሜን ብርሃን ነው፣ እኔን ግን የያዘኝ የፀሐይ ግርዶሽ ነው።

ነገሩ የጀመረው አዲስ አበባ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በላሊበላ በኩል ቀለበታዊው ግርዶሽ (ጨረቃ የፀሐይን መሀል ሸፍና ጠርዟ ብቻ እንደ ቀለበት የሚቀርበት) ያለፈ ዕለት፣ እኔ ቤታችን ግቢ ውስጥ ነበርኩ። ለእኛ ከፊል ነበር። መነጽር አልነበረኝም፣ ስለዚህ ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። ግን ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ ዞር ስል የአጥሩ ግንብ ላይ በዛፉ ቅጠሎች መሀል ያለፈው ብርሃን ሁሉ ማጭድ ማጭድ ሆኖ አየሁት። በመቶ የሚቆጠር ትንንሽ ፀሐይ! እናቴን ጠርቼ አሳየኋት። ያንን ግንብ አስታውሱልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ትሮምሶ ከመጣሁ በኋላ የመጀመሪያው ዕድል በፈረንጅ ሰኔ 10 ቀን 2021 ነበር (ከዚህ በኋላ ያሉት ቀኖች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ቀለበቱ በሰሜን ካናዳ፣ በግሪንላንድና በሰሜን ዋልታ አካባቢ አለፈ፣ ለእኛ ከፊሉ ደረሰን። ከእኔ ሰፈር ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደመና። ስለዚህ ቀን የምለው ይኸው ነው።

ሁለተኛው ጥቅምት 25 ቀን 2022። ያን ቀን ሰማዩ ጥሩ ነበር፣ መነጽርም ገዝቼ ነበር፣ ፀሐይዋ ግን ከተራራው ጀርባ ነበረች። ጥቅምት መጨረሻ ላይ እዚህ ፀሐይ በቀትር የምትደርሰው ከአድማስ 8 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጡጫችሁን ብትይዙ ጡጫው 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል፣ ስለዚህ ከአንድ ጡጫ በታች ማለት ነው። የቆምኩበት ቦታ ደግሞ ተራራ ሥር ነው። ግርዶሹ ከተራራው ወዲያ ተጀምሮ ተራራው ወዲያ አለቀ። በጣም ነበር ያዘንኩት።

የከተማው ሰው ይህን ተራራ በደንብ ያውቀዋል። ከኅዳር መጨረሻ ገደማ ጀምሮ ፀሐይ አትወጣም። በስሌቱ የምትመለሰው ጥር 15 በፈረንጅ ቢሆንም ከተማው ውስጥ ሆኖ ለማየት እስከ ጥር 21 ይጠበቃል፣ ተራሮቹ ስለሚጋርዱ። ያን ዕለት፣ ከጥምቀት ሁለት ቀን በኋላ ማለት ነው፣ ሰው ወጥቶ ፀሐይዋን ይቀበላል፣ ክብ ጣፋጭ ዳቦ ይበላል። እኔም ተራራውን ማስላት ነበረብኝ።

ያኔ ያገኘሁት ዘዴ ለማንኛውም ሰው ይጠቅማል፣ ስለዚህ ዘርዘር ላድርገው። ፀሐይ በሰማይ ላይ የምትሄድበትን መንገድ በዓመት ሁለት ጊዜ ትደግመዋለች፣ አንዴ ወደ ሰሜን ስትወጣ፣ አንዴ ስትመለስ። ስለዚህ መጋቢት 29 ቀን 2025 ፀሐይ የት እንደምትሆን ለማወቅ መጋቢትን መጠበቅ አያስፈልግም። ከስድስት ወር በፊት፣ መስከረም 14 ቀን 2024፣ ያን መንገድ ሄዳበታለች። እኔም በዚያ ቀን እኩለ ቀን ላይ አራት ቦታ ዞርኩ፤ አንዱ መንገድ ዳር፣ አንዱ የጓደኛዬ ሰገነት፣ ሁለቱ ባሕሩ ዳርቻ። በመጨረሻ ከአንዱ የባሕር ዳርቻ ፀሐይዋ ከተራራው በደንብ ከፍ ብላ፣ 24 ዲግሪ ገደማ ላይ አየኋት። እዚያ ምልክት አደረግኩ። ሰዓት ላይ ብቻ ተጠንቀቁ፣ እዚህ በበጋና በክረምት የሰዓት አቆጣጠር ስለሚቀየር አንድ ሰዓት ይሳሳታል። የመጋቢቱ ግርዶሽ ቅዳሜ ነበር፣ ሰዓቱ የተቀየረው በዚያው ሌሊት ለእሑድ አጥቢያ ነው።

ይህ የ2025ቱ ግርዶሽ ከምድር ላይ የትም ሙሉ ሆኖ አልታየም። ምክንያቱን ሳውቅ ነው ለምን የዋልታ አካባቢ ሰው እንደሚታደል የገባኝ። ጨረቃ ሁለት ዓይነት ጥላ አላት፣ መሀል ላይ ቀጭኑ ሙሉ ጥላ፣ ዙሪያውን ሰፊው ከፊል ጥላ። አንዳንዴ ቀጭኑ ጥላ ምድርን ስቷት ከሰሜን ዋልታ በላይ ወይም ከደቡብ ዋልታ በታች ባዶ ሕዋ ውስጥ ያልፋል፣ ሰፊው ብቻ ጠርዟን ይነካታል። የሚነካው ጠርዝ ደግሞ ዋልታው አካባቢ ነው። ከሁሉም በላይ የተሸፈነችው ሰሜናዊ ኩቤክ፣ ካናዳ ውስጥ ነው፣ ከፀሐይዋ ወርድ 94 በመቶ ገደማ፣ ያውም ገና ስትወጣ። ምሥራቅ ካናዳ ውስጥ ከአድማሱ ሁለት ቀንድ ሆና ስትወጣ ያዩ ሰዎች ነበሩ። የእኛዋ ከግማሽ በታች ነው የተገመጠችው።

አሁን ወደ በረዶው። የፓስታ ማጥለያ ይዤ ነበር። ቀዳዳዎቹ እያንዳንዳቸው የፀሐይን ምስል ይጥላሉ፤ ምስሉ የሚወድቀው አንድ ሜትር ርቆ ከሆነ ወርዱ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ሁለት ሜትር ከሆነ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። (እንጀራም አስቤ ነበር፣ ግን ዓይኑ እስከ ታች አይበሳም።) ከሁለት ሳምንት በፊት ደጅ ወጥቼ ስለማመድ በረዶው ላይ የወደቀው ክብ ሳይሆን የተለጠጠ ነገር ነው፣ ርዝመቱ ከወርዱ ሦስት እጥፍ የሚያልፍ። ቀዳዳው የተበላሸ መሰለኝ። ካርቶን በመርፌ በሳሁ፣ ያው ነው። ብዙ ካሰብኩ በኋላ ነው የአዲስ አበባው ግንብ ትዝ ያለኝ። ያን ጠዋት ፀሐይዋ ገና ዝቅ ያለች ነበረች፣ ከፍታዋ ከትሮምሶ የመጋቢት ቀትር ብዙም የማይለይ፣ ማጭዶቹ ግን ግንቡ ላይ ጥርት ብለው ነበር። የሚያምሩት ግንቡ የቆመ ስለሆነ ነው! አዲስ አበባ መጋቢት ላይ በቀትር ፀሐይ አናት ላይ ስለሆነች መሬቱ ይበቃል። እዚህ ግን በቀትርም ዝቅ ስላለች ብርሃኑ መሬቱን በጎን ነው የሚመታው፣ ምስሉም ይለጠጣል።

ስለዚህ ግድግዳ ሠራሁ። በአካፋ በረዶ ከምሬ ጠቅጥቄ ወገቤ ድረስ አቆምኩት፣ ፊቱን ወደ ፀሐይ፣ ትንሽ ወደ ኋላ አጋድሜ፣ ከዚያ በአካፋው ጀርባ አለሰለስኩት። ሻካራ በረዶ ምስሉን ያደበዝዛል። ሌላው ችግር በረዶው ራሱ በጣም ማብራቱ ነው፣ ምስሉ ይጠፋል። ለዚህ ማጥለያውን ትልቅ ካርቶን መሀል ላይ ቀዳዳ ቆርጬ አስገባሁት፣ ካርቶኑ ጥላ ሲጥል ምስሎቹ ጎልተው ወጡ።

ቅዳሜ ደረሰ። ደመናው ይመጣል ይሄዳል። ከእኩለ ቀን ትንሽ ቀደም ብሎ በግርዶሽ መነጽሬ ሳይ ከላይ በቀኝ በኩል ትንሽ ጎደል ብላለች። ለምን ከላይ? ጥላው በሰሜን በኩል ስላለፈ፣ ከታች ለምናየው ጨረቃ ከፀሐይዋ በላይ ነው የምትሆነው። ዞር አልኩ፣ ግድግዳው ላይ በደርዘን የሚቆጠሩ የተገመጡ ፀሐዮች፣ እነሱ ደግሞ ተገልብጠው ከታች የተገመጡ። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ከብርዱ አልነበረም።

አንዲት ጎረቤቴ ከልጅ ልጃቸው ጋር መጡ። ልጁ ጓንቱን አውልቆ ምስሉን መዳፉ ላይ ያዘ። ከዚያ እናቴ ጋ ደወልኩ። «ፀሐይዋን ደግሞ ምን አገኛት? እዚህ እኮ ምንም አልሆነችም» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ያ ግርዶሽ ኢትዮጵያ አልደረሰም። በስልኬ ግድግዳውን ሳሳያት «ውይ፣ እንደዚያን ጊዜ!» አለች። ስልኩ ወዲያው ጠፋ፣ ብርዱ ባትሪውን ጨረሰው። ስልካችሁን የጃኬት የውስጥ ኪስ ውስጥ ያዙ፣ ስትፈልጉት ብቻ አውጡ።

ጨለማ የጠበቀ ካለ አልጨለመም። ፀሐይ ከግማሽ በታች ስትሸፈን ዓይን ራሱን ስለሚያስተካክል ልዩነቱ አይታወቅም። እንዲያውም አደጋው እዚህ ላይ ነው። ዝቅ ያለች ፀሐይ ለስላሳ ትመስላለች፣ ሰው ደፍሮ ያያታል። አትዩ። እኛ አገር የምናውቀው የራጅ ፊልም፣ ጥላሸት የተቀባ መስታወት፣ በሳፋ ውሃ ውስጥ ማየት፣ አንዱም ዓይንን አያድንም፣ የበረዶ መንሸራተቻ መነጽርም እንደዚያው። አይኤስኦ 12312-2 የሚል መለያ ያለው የግርዶሽ መነጽር ይሁን። ባይኖኩላር ካላችሁ ማጣሪያው ከፊት፣ በሰማዩ በኩል ባሉት መስታወቶች ላይ ነው የሚገጠመው፣ በዓይን በኩል በፍጹም።

ለእኛ ቀጣዩ ነሐሴ 12 ቀን 2026 ነው። ሙሉው በምሥራቅ ግሪንላንድ፣ በምዕራብ አይስላንድና በሰሜን ስፔን ያልፋል፣ ለትሮምሶ ከፊል ነው፣ አመሻሽ ላይ። ጂዳና መካ ያላችሁ ደግሞ ነሐሴ 2 ቀን 2027ን ያዙ፣ ሙሉው ጥላ በላያችሁ ነው የሚያልፈው። የእኔዋ ፀሐይ በ2026ቱ ግርዶሽ ምሽት እንደገና ዝቅ ብላ 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት፣ ምዕራብ ሰሜን ምዕራብ። ያንኑ መንገድ የምትሄድበት መንትያ ቀኗ ሚያዝያ 30 ነው። ያን ምሽት ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል በፈረንጆቹ 20 ሰዓት ገደማ ክቫሎያ ደሴት ምዕራብ ዳርቻ ሄጄ ኮምፓሴን 290 ዲግሪ ላይ አድርጌ ቆምኩ። ከፊቴ ባሕር ነበር፣ ፀሐይዋም ከውሃው በላይ፣ ተራራ የለም።