ኮሎኝ ላይ ግማሽ ዶሮ ሳዝ

ኮሎኝ የሚባል ከተማ መኖሩን ያወቅኩት ከአባቴ ራዲዮ ነው። የጀርመን ድምፅ በ2003 እ.ኤ.አ. ወደ ቦን እስኪዛወር ድረስ የሚያሰራጨው ከዚያ ነበር። አባቴ ማታ ማታ ራዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ ሲያዳምጥ ስላደግኩ ኮሎኝ ለእኔ ዘመድ ያለበት የክፍለ ሀገር ከተማ ይመስለኝ ነበር። ኋላ እውነትም ዘመድ ገባበት። የአክስቴ ልጅ እዚያ መኖር ከጀመረች አስራ አንድ ዓመቷ ነው፣ «ና ሰንብት» ስትለኝ አላቅማማሁም።

ካቴድራሉን ቶሎ ልለፈው። ቁመቱ 157 ሜትር ነው፤ በ1248 ተጀምሮ፣ መሃል ላይ ለዘመናት ቆሞ፣ በ1880 ነው ያለቀው። አንገቴን እስኪያመኝ አንጋጥጬ አየሁትና ራበኝ።

እሷም ከዚያ ብዙ ወደማይርቅ አሮጌ ሰፈር ይዛኝ ሄደች፣ ወደ አንድ ቢራ ቤት። ረጃጅም የእንጨት ጠረጴዛዎች፣ ጨርቅ የለ ምን የለ፣ ሰዉ ተጠጋግቶ ይጮኻል። እኔ ባዶ ጠረጴዛ ስፈልግ እሷ ከማናውቃቸው ባልና ሚስት አጠገብ ዘፍ አለች። እዚህ ወንበር ካለ ይቀመጡበታል፣ አለቀ። መግቢያው አካባቢ ደግሞ በእንጨት የተከለለች ጠባብ ክፍል አለች፣ ድሮ ባለቤቱ እዚያ ቁጭ ብሎ ሂሳቡንም አስተናጋጁንም የሚቆጣጠርባት። ስሟ «የንስሐ ወንበር» ነው። ቢራ ቤት ውስጥ!

ኮታችንን ሳናወልቅ አንድ ጎልማሳ፣ ረጅም ሰማያዊ ሽርጥ ያደረገ፣ ሁለት ብርጭቆ ቢራ ጣል አድርጎልን ሄደ።

«ማን አዘዘ?» አልኳት።

«አይታዘዝም። ዝም ብለህ ጠጣ።»

ቢራው ኮልሽ ይባላል። በዚህ ስም መጥራት የሚችሉት ኮሎኝና ዙሪያዋ ያሉ ጠማቂዎች ብቻ ናቸው፤ በ1986 ተፈራርመውበታል፣ በ1997 ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ስሙን አስከብሮላቸዋል። ብርጭቆዋ ቀጥ ያለች ቀጭን ነገር ናት፣ የምትይዘው 0.2 ሊትር ነው። በጃምቦ ላደገ ሰው ይቺ ቅምሻ ናት። ምክንያት አላት ግን፦ ኮልሽ ቶሎ ይሞታል፣ አረፋው ይወርድና ይሞቃል፣ ስለዚህ ትንሽ ትንሽ እየተቀዳ ትኩስ ትኩሱ ይመጣል። (ጎረቤቷ ዱሰልዶርፍ ሌላ ጠቆር ያለ ቢራ አላት። እዚህ ተቀምጦ እሱን መጠየቅ ጠብ መፈለግ ነው አለችኝ፣ አልሞከርኩትም።)

አስተናጋጁን ኮቤስ ይሉታል፣ ያዕቆብ ከሚለው ስም የመጣ ነው አሉ። የሚይዘው ትሪ ክብ ሆኖ መሃሉ ላይ እጀታ አለው፣ ዙሪያውን በየቀዳዳው ብርጭቆ ተሰክቷል። በጠረጴዛዎቹ መሃል እየተሽከረከረ ባዶውን ያነሳል፣ ሙሉውን ያስቀምጣል፣ ብርጭቆው ስር ባለችው ካርቶን ላይ በእርሳስ አንድ መስመር ይጭራል። እኛ ባዶ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ ደርድረን እንደምንቆጥረው መሆኑ ነው። አመሰግናለሁ ስለው እንኳ ዞር አላለም። ውሃ ብትጠይቀው «ሳሙናና ፎጣም ላምጣ?» ይልሃል ብላ አስጠነቀቀችኝ።

አራተኛው ላይ ፈራሁ። እንዴት ነው የሚቆመው? ካርቶኗን ብርጭቆው ላይ ክደንበት አለችኝ። ያኔ አያቴ ትዝ አለችኝ። ዓመት በዓል ላይ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ በእንግዳው መሃል ስትዞር፣ ጎደል ባለ ቁጥር ጠላውን ትሞላለች፣ የበቃው ሰው ዋንጫውን በመዳፉ ይከድናል፣ እሷም «በሞቴ» እያለች እጁን ታነሳለች። ይሄ ሰውዬ «በሞቴ» አይልም እንጂ ሥራው ያው ነው። ከዚያ በኋላ ኩርፊያውን ረሳሁለት።

ምግቡ ጋ ነው ችግሩ። ሜኑው ላይ ግማሹ አሳማ ነው። አንዱ «ሰማይና ምድር» ይባላል፤ ምድሩ ድንች፣ ሰማዩ ከዛፍ የወረደ ፖም፣ አብረው ተፈጭተው ይቀርባሉ። ደስ ብሎኝ ላዝ ስል ከላይ የሚደረግበት በደም የተሠራ ቋሊማ ነው አለችኝ። በኮምጣጤ ለቀናት የተዘፈዘፈ ጥብስ አለ፣ በዘቢብ መረቅ። እሱ ደግሞ ድሮ የሚሠራው ከፈረስ ሥጋ ነበር፣ ዛሬ አብዛኛው ቤት በበሬ ቢሠራውም። እኔ ግን አንዴ ፈረስ የሚለውን ሰምቻለሁ፣ አልቻልኩም።

ያቺን ስልኬ ላይ የለቃቀምኳትን ጀርመንኛ ይዤ ዝርዝሩን ስፈልግ «ሃልቨር ሃን» የሚል አገኘሁ። ግማሽ ዶሮ! ራሴው አዘዝኩ፣ በጣቴም ጠቆምኩ። የአክስቴ ልጅ ምንም አላለችም። ስልኳን ማየት ጀመረች።

ኮቤሱ መጣና ሳህኑን አስቀመጠ። ጠቆር ያለ ድቡልቡል ዳቦ፣ እንደ ጡብ የወፈረ አይብ፣ የተከተፈ ሽንኩርት፣ ሰናፍጭ። ሳህኑን ዞር አድርጌ አየሁት። ዶሮ የለም።

«ዶሮዬስ?» አልኩት።

የሆነ ነገር መለሰ፣ አጠገባችን ያሉት ባልና ሚስት በሳቅ ፈነዱ። «በረረ ነው የሚልህ» አለች የአክስቴ ልጅ እንባዋን እየጠረገች። ለካ ሃልቨር ሃን ማለት እዚህ አገር የአይብ ዳቦ ነው፤ ጉዱን ታውቅ ነበር፣ እሷንም ሰዎቹ እንደዚሁ ሸውደዋታል።

ከሽንኩርቱና ከሰናፍጩ ጋር ስገምጠው ግን ጣመኝ፣ ሰናፍጩ እንደ እኛው አፍንጫ ድረስ ይወጣል። ሌላም ደገምኩ። ካርቶኔ ላይ ዘጠኝ መስመር ሲሞላ ከደንኩ። ሂሳቡን «ለየብቻ ነው ወይስ አንድ ላይ?» ብሎ ሲጠይቅ እኔና እሷ እኩል ኪሳችን ገባን፣ እሱ ታዝቦን ከእሷ ተቀበለ።

ማታ አባቴ ደወለ። «ኮሎኝ ደረስክ?»

«ደረስኩ አባዬ።»

«ምን አበሉህ?»

«ግማሽ ዶሮ።»

ትንሽ ዝም አለና «ግማሹንስ ማን በላው?» አለኝ።