እታለምን ማግባባት

አክስቴን እታለምን ዓይኗን እንድትታከም ለማግባባት ያልሞከረ የቤተሰብ ሰው የለም። ወንድሟ ሞክሯል። ልጆቿ በየተራ ሞክረዋል። የንስሐ አባቷም ሳይቀሩ ነገሩን አንስተውባታል። እሷ ሁሉንም ቡና አጠጥታ፣ መርቃ ሸኝታለች። በደንብ ታዳምጣለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ከዚያ «እሺ፣ እግዜር ያውቃል» ትላለች። በቃ፣ እዚያው ላይ ያልቃል።

ሁለቱም ዓይኖቿ ላይ ሞራ አለ። የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ቤቷን በዳበሳ ስለምታውቀው፣ እንግዳ ሰው ማየት እንደሚቸግራት ቶሎ አይነቃም። አንድ ቀን ቡና ስትቀዳ ልብ ብዬ አየኋት። ሌባ ጣቷን በሲኒው ጠርዝ በኩል ወደ ውስጥ ሰደድ ታደርጋለች። ትኩሱ ጫፉን ሲነካት መቅዳቱን ታቆማለች። አንዲት ጠብታ አላፈሰሰችም። ነገሩን የምሬ የያዝኩት ያን ዕለት ነው።

መጀመሪያ ቁጥር ይዤ ቀረብኩ። በ1998 ዓ.ም. ገደማ የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ ከዓይነ ስውራኑ ግማሽ ያህሉ ብርሃናቸውን ያጡት በሞራ እንደሆነ ያሳያል፤ ሞራ ደግሞ የሚድን ነገር ነው አልኳት። በጥሞና ሰማችኝና «እንግዲያው ብቻዬን አይደለሁማ!» አለች። ቁጥሬን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

ቀጥሎ የመጣው ሰበብ «ገና አልበሰለም» የሚለው ነው። ይሄ ዝም ብሎ የተፈጠረ ወሬ አይደለም። ድሮ ሐኪሞቹ ራሳቸው ሞራው እስኪበስል ይጠበቅ ይሉ ነበር። አሁን ግን ያ ቀርቷል። እንዲያውም ብዙ ከቆየ ይጠጥራል፣ ለማውጣትም ያስቸግራል፤ አንዳንዴ የዓይን ግፊትም ያመጣል። እሷ ደግሞ ሞራ ማለት ከላይ የተጋረደ ስስ ቆዳ ነው የሚመስላት። «ይገፈፋል» ሲባል ምላጭ ነው የሚታያት። ስለዚህ አስረዳኋት። ሞራው ከላይ አይደለም፣ የዓይንሽ የውስጥ ሌንስ ራሱ ነው የደፈረሰው፤ እሱን አውጥተው በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ ያስገቡልሻል አልኳት።

«ጭራሽ ውስጥ ገብተው?» አለች። አባባስኩት።

ዋናው ነገር የወጣው ሌላ ቀን፣ ስለ ሌላ ጉዳይ ስናወራ ነው። ሠፈራቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በዱላ እየተመሩም ቢሆን ገበያ ይወጡ ነበር። ዓይናቸውን ኦፕራሲዮን ሆነው ሲመለሱ ጭራሽ ማየት አቆሙ። «እሳቸው እኮ ቢያንስ መንገድ ይለዩ ነበር» አለችኝ። «እኔስ ያለችኝን ጭላንጭል ምን ቆርጦኝ ነው አውጥቼ የምሰጠው?»

እውነቷን ነው። ፈሪ ናት ስንል የከረምነው ሰዎች ይህን አልጠየቅናትም። ጥቂት የቀረው ሰው ጥቂቷን አጥብቆ ቢይዝ ምን ይገርማል? ደግሞ እኛ ስናጣፍጥላት ነው የኖርነው። «ምንም አይሰማሽም፣ እንደ ልጅነትሽ ነው የምታዪው» እያልን። እሷ በዕድሜዋ ስንት ሻጭ አይታለች። እንዲህ የሚያቆላምጥ ሰው የሚሸጠው ነገር እንዳለ ታውቃለች።

«ኦፕራሲዮኑን ተዪው» አልኳት። «የሽማግሌውን ነገር ሐኪሙን ጠይቀሽ ብቻ እንመለስ።» ለዚህ እሺ አለች። አዲስ አበባ ይዣት መጣሁ።

ሐኪሙ ከመጨረሻ ልጇ የሚያንስ ነው። የዓይኗን ግፊት ለካ። ከዚያ በባትሪ ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከላይ እያበራ «እማማ፣ ብርሃኑ በየት በኩል ነው?» ይላታል። አንድም አልሳተችም። እንደጨረሰ ስለ ሽማግሌው ጠየቀችው። «ሳላያቸው እንዲህ ነው ማለት አልችልም» አላት። «ግላኮማ የሚባለው የዓይን ግፊት ሕመም ካለ ግን የዓይን ነርቩ ይጎዳል። ሞራው ቢወጣም የተጎዳ ነርቭ አይመለስም። አሁን ግፊትዎን የለካሁት፣ በባትሪ ያየሁትም ለዚህ ነው። የእርስዎ ደህና ነው።» ቀጠለ። ቁስሉ የሚያመረቅዝባቸው፣ የሚደማባቸው ጥቂት ሰዎች አሉ፤ መቶ በመቶ ብዬ ቃል አልገባልዎትም አላት።

እኔ በልቤ «ገደልከን» አልኩ።

ደጅ ወጥተን ታክሲ ስንጠብቅ ነጠላዋን አስተካከለችና «ይሄ ልጅ አይዋሽም» አለች። ትንሽ ቆይታ፣ «አንዱን ብቻ። የባሰበትን።»

ኦፕራሲዮኑ ግማሽ ሰዓትም አልፈጀ። የሚደነዝዘው ዓይኑ ብቻ ነው፣ ሰውየው ነቅቶ ነው የሚሠራለት። እታለም ደግሞ ነቅታ ዝም የምትል ሰው አይደለችም። ውዳሴ ማርያሟን ድምፅ አውጥታ ጀመረች። ሐኪሙ «እማማ፣ አገጭዎ ሲንቀሳቀስ ያስቸግረኛል፣ በልብዎ ይጸልዩ» ብሎ ለመናት አሉ። በማግስቱ መሸፈኛው ሲነሳ የሁላችንንም ፊት አየት አየት አደረገች። ከዚያ ወደ ታች አጎንብሳ እኔን «ጫማህን አትጠርግም እንዴ?» አለችኝ። ወዲያው ነርሷ እንዳታጎነብስ ተቆጣቻት።

ከኦፕራሲዮኑ ይልቅ ያጣላን የኋላው ነው። ጠብታው በሰዓቱ ይደረጋል፣ ዓይን አይታሽም፣ ውኃ አይነካውም፣ ከባድ ነገር አይነሳም፣ ጭስ አይቀረብም። ጭስ አይቀረብም ማለት ለእሷ ቡና አታፈዪም ማለት ነው። ቡናውን ልጇ ስታፈላ፣ እሷ በርጩማዋን ራቅ አድርጋ ተቀምጣ ታዛለች። «ቆላሽው ወይስ አሳረርሽው? ከዚህ ሆኜ ይታየኛል እኮ!» ልጅቷ አንድ ወር ሙሉ ፍዳዋን አየች።

ሁለተኛው ዓይን ቀርቷል። ሳነሳባት እየሳቀች «እስቲ ይብሰል» ትላለች። ቀጠሮው ግን ከፋሲካ በኋላ ተይዟል፣ የያዘችውም ራሷ ናት። ከጎኗ ያሉትን ጎረቤቷንም አብሬ ካልወሰድኩ ብላለች። ሴትየዋ አሁንም ያንገራግራሉ። ባለፈው ስሄድ አጥር ላይ ቆማ ስታናግራቸው ደረስኩ። «ይቆረቁራል፣ ጠብታው ያቃጥላል፣ አንድ ወር ምድጃ አይቀርቡም። ይመጣሉ አይመጡም?»