የውሃ ዳር ጓሮ ስትጎበኙ አበባውን እለፉት፣ መጀመሪያ ወደ ውሃው ውረዱ

በሐይቅ፣ በወንዝ ወይም በባሕር ዳርቻ ያለ ግቢ ለጉብኝት ሲከፈት አብዛኛው እንግዳ ከበሩ እንደገባ ዓይኑን የሳበው አበባ ፊት ይቆማል። ፎቶ ያነሳል፣ ስሙን ይጠይቃል፣ ቤቱ ሄዶ ያንኑ ይተክላል፤ ተክሉም በጥቂት ወራት ይደርቅበታል። እዚያ ያማረው ግን ብቻውን አልነበረም። ከፊቱ ነፋሱን የሚያለዝብ አጥር፣ ከሥሩ ከፍ ተደርጎ የተደለደለ አፈር ነበረው። ስለዚህ ከጓደኞቻችሁ ጋር ስትገቡ ቀጥ ብላችሁ ወደ ውሃው ጠርዝ ውረዱ፣ ከዚያ ፊታችሁን ወደ ቤቱ አዙራችሁ ቀስ እያላችሁ ውጡ። ነፋስ፣ ጨውና እርጥበት ግቢውን እንዴት እንደቀረጹት የሚገባችሁ እንዲህ ስትሄዱ ነው።

መጀመሪያ ዛፎቹ ወዴት እንደዘመሙ እዩ። ዘወትር የሚነፍሰው ነፋስ ከየት እንደሚመጣ የዛፍ አናት ይናገራል፤ በውሃው በኩል ያሉት ቅርንጫፎች አጭርና ቅጠላቸው የሳሳ፣ በቤቱ በኩል ያሉት ደግሞ ረዣዥም ይሆናሉ። ቀጥሎ አጥሩን መርምሩ። ድፍን ግንብ ነፋስ አያስቆምም። ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ነፋሱም ግንቡን ተሻግሮ እየተሽከረከረ ይወርዳል። ግንብ ተከልለው የተተከሉ ረዣዥም አበቦች አንገታቸው ተሰብሮ ካገኛችኋቸው ምክንያቱ ይህ ነው። ከ40 እስከ 50 በመቶው ክፍት የሆነ የእንጨት አጥር ወይም ቁጥቋጦ ነፋሱን አሳልፎ ያዳክመዋል፤ ጥቅሙም ከቁመቱ እስከ 10 እጥፍ ርቀት ድረስ እየሳሳ ይዘልቃል። አጥሩ 2 ሜትር ከሆነ 20 ሜትሩን በእርምጃ ለኩና ተክሉ የት ላይ መቀጨጭ እንደሚጀምር ተመልከቱ። ከየትኛውም መጽሐፍ የበለጠ ትምህርት የምታገኙት እዚያ መስመር ላይ ነው።

ባሕር ከሆነ ጨውም አለ። ነፋስ ከማዕበሉ ላይ እየገፈፈ የሚያመጣው ፍንጣቂ ቅጠል ላይ ይደርቅና ጠርዙን ቡናማ ያደርገዋል። ውሃ የጠማው ተክል ዙሪያውን ይጠወልጋል፤ በፍንጣቂ የተቃጠለው ግን በአብዛኛው የሚጎዳው በባሕሩ በኩል ባለው ጎኑ ነው። ሮዝመሪ፣ ቡገንቪላ፣ ቴምርና ሸውሸዌ ይህን ይችላሉ። አቮካዶ አይችልም። ሸውሸዌ ግን ልቅ አሸዋ ላይ ሥሩ ከላይ ከላይ ስለሚሄድ በኃይለኛ ነፋስ ይገነደሳል፤ ከቤት አጠገብ ቆሞ ካያችሁት አትቅዱት። ባለቤቱ ከማዕበል በኋላ ምን እንደሚያደርጉም ጠይቁ። ትክክለኛው መልስ ቅጠሉን ወዲያው በንጹሕ ውሃ ማጠብ ነው። ባሕሩ ገብቶ አፈሩን ካጥለቀለቀው ግን ቅጠል ማጠብ አይበቃም። ውሃ በደንብ በሚያንጠፈጥፍ አፈር ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ንጹሕ ውሃ፣ ማለትም በካሬ ሜትር 150 ሊትር፣ በቀስታ ሲሰርግ ከላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ግማሽ ያህሉን ጨው ይዞ ይወርዳል። ከሥር ውሃ የሚቋጥር ሸክላ አፈር ካለ ግን ጨው የሚሄድበት የለውም፤ ድካሙ ከንቱ ይቀራል።

ሐይቅና ወንዝ ዳር ዋናው ጠላት የከርሰ ምድር ውሃ ቅርበት ነው። ሥር አየር ይፈልጋል፣ ጭቃ ውስጥ ታፍኖ ይበሰብሳል። በራሳችሁ ቦታ 60 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍራችሁ አሳድሩት። ዝናብ ሳይዘንብ ጠዋት ውሃ አቁሮ ካገኛችሁት መደቡን 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉ፣ ዛፍ ከሆነ ደግሞ ጉብታ ላይ ትከሉ። በሰው ግቢ መቆፈር አይቻልም፤ የመደቦቹን ከፍታ በክንዳችሁ ለክታችሁ ጻፉ።

ጠርዙ ላይ ስትደርሱ ረጋ በሉ፤ ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚፈሰው እዚህ ነው። ቀጥ ያለ የኮንክሪት ግንብ ማዕበሉን ይመልሰዋል፣ የተመለሰው ውሃ ደግሞ የግንቡን እግር ይቦረቡራል። ከግንቡ ጀርባ የተጠራቀመው ውሃም ሐይቁ ሲጎድል ግንቡን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ስለዚህ የማንጠፈጠፊያ ቀዳዳዎቹን ፈልጉ። ከኋላቸው ጠጠርና አፈር የሚይዝ ጨርቅ ከሌለ አፈሩ በቀዳዳው ይወጣል፤ ምልክቱም ከግንቡ ጀርባ ሣሩ ላይ የሚታይ ስርጉድ ነው። ማዕበሉ መለስተኛ ከሆነ እኔ የምመርጠው ገራገር ተዳፋት፣ ውሃው ውስጥ ፊላና ደንገል፣ ከፍ ብሎ ቄጠማ ነው። ማዕበሉን ያደክማሉ፣ አፈሩን በሥራቸው ይይዛሉ። አጭር የተቆረጠ ሣር እስከ ውሃው ድረስ ከወረደ ግን ዳርቻው ይናዳል፤ የሣሩ ማዳበሪያም ታጥቦ ይገባና ፎስፈረሱ ውሃውን በአልጌ ያለብሰዋል። ማዳበሪያ ፈጽሞ የማይነካው ቢያንስ 5 ሜትር፣ ቦታው ከፈቀደ 10 ሜትር ይተው። ቀላል የእንጨት ፍቅፋቂ ጉዝጓዝም እዚያ አይነጠፍ፤ ውሃው ከፍ ባለ ቀን ተንሳፍፎ ይሄዳል።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ፦ የውሃ ተክል በስጦታ አትቀበሉ፣ አትስጡም። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው እምቦጭ በዓለም ዙሪያ ሐይቆችን የወረረው ሰዎች ለአበባው ውበት ብለው ስላዛወሩት ነው። ሞቃትና ማዳበሪያ የበዛበት ውሃ ካገኘ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። የጫማ ነገርም እንዲሁ ነው። ሥር የሚያበሰብሱ በሽታዎች በጭቃ ይጓዛሉ። ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ስትሻገሩ መጀመሪያ ሶሉን በብሩሽ አጽዱ፣ ከዚያ 70 በመቶ አልኮል ርጩበት። ጭቃው ላይ ቢረጭ ከውስጥ ያለውን አይገድልም፤ ቅደም ተከተሉ እንዳይዛባ።

ቡድኑ ከ15 ሰው አይብለጥ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ የኋለኞቹ የባለቤቱን ድምፅ አይሰሙም፣ መንገዱ ሲጠብም መደብ ይረግጣሉ። ውሃው ላይ የተዘረጋ የእንጨት መረማመጃ ካለ ስንት ሰው እንደሚችል ሳትጠይቁ አትውጡበት። ቤቱ የሚታይበት ፎቶ ያለፈቃድ አይነሳ፣ ቅርንጫፍም አይቆረጥ። ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ «ይህ ምን ይባላል?» ከማለት በፊት «እዚህ ቦታ ላይ ምን ተክለው ሞተብዎ?» በሉ። ዓመታት የፈጀ ልምድ የሚወጣው በዚህ ጥያቄ ነው፤ ባለቤቶችም በደስታ ይመልሱታል።

ቀኑን መምረጥ ከቻላችሁ አበባው የፈካበትን ሳምንት ለሌሎች ተዉት። ከኃይለኛ ነፋስ በኋላ፣ የተጎዳው ሳይገረዝና የወደቀው ሳይነሳ ጎብኙ።