ለአውቶካድ የራስ የብሎክ ክምችት
ካዛንቺስና ፒያሳ ላሉ የዲዛይን ቢሮዎች፦ በአውቶካድ (የኮምፒውተር የሥዕል ፕሮግራም) በርና መታጠቢያ ሳህን በየፕሮጀክቱ እንደ አዲስ መሳል ጊዜ ማቃጠል ነው። አንዴ ስላችሁ ብሎክ፣ ማለትም ደጋግሞ የሚገባ ምልክት፣ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

ምልክቱን ሌየር 0 ላይ ሳሉት (ሌየር ሥዕሉ የሚከፋፈልበት ንብርብር ነው)፤ ቀለሙንና የመስመር ውፍረቱን ባይሌየር (የሌየሩን የሚከተል) አድርጉት። ያኔ የገባበትን ሌየር መልክ ይይዛል። ሌላ ሌየር ላይ ከተሳለ ግን ሌየሩን ጎትቶ ይመጣና ሥዕሉን ያጨናንቃል። የበር መነሻ ነጥብ (ብሎኩ ሲገባ የሚያዝበት ነጥብ) ማጠፊያው ጋ ይሁን፤ መሃል ላይ የሚያደርጉት አይገባኝም።

የ90 ሳንቲሜትር በር በሚሊሜትር 900 ነው። በሚሊሜትር ተስሎ አሃዱ ሜትር ከተባለ፣ የሚሊሜትር ሥዕል ውስጥ 1000 እጥፍ ገዝፎ ይገባል።

ከሁሉ የሚያናድደው የስም ጉዳይ ነው። የብሎኩን ፋይል አስተካክላችሁ ከቱል ፓሌት (ምልክቶች ከሚደረደሩበት መስኮት) ብትጎትቱት፣ በዚያው ስም ሥዕሉ ውስጥ ያለው አሮጌው ብሎክ ነው የሚገባው። ፓሌቱ ላይ ምልክቱን በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ «ሪዲፋይን» (በአዲሱ ተካ) በሉት።