ስኖሞቢሌን መንገድ ያስያዝኳት እንዲህ ነው

ስኖሞቢል ከፊት በሁለት ስኪ (ረጅም ጠፍጣፋ መንሸራተቻ)፣ ከኋላ በሚሽከረከር የጎማ ሰንሰለት በረዶ ላይ የሚሄድ ባለሞተር ማሽን ነው። ለስላሳ አዲስ በረዶ ላይ ስኖሞቢሌ ምንም አትልም ነበር። ችግሩ የሚመጣው ብዙ ሰው የተመላለሰበት፣ የተጠቀጠቀ መንገድ ላይ ስንገባ ነው። ስኪዎቹ ሌሎች ያለፉበትን ቦይ እየተከተሉ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ይስባሉ። መሪውን ይዤ ስታገል ክንዴ ይዝላል። ኩርባ ላይ ደግሞ መሪውን ባዞርም እሷ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። አንዳንዴም የውስጠኛው ስኪ ከመሬት ይነሳል። ሦስቱ ችግሮች ቢመሳሰሉም መነሻቸው ለየቅል ነው። ይህን መለየቴ ሥራውን በጣም አቀለለልኝ።

ከሁሉ በፊት የላላ ነገር ፈለግኩ። ሞተሩን አጥፍቼ ፊቷን በጠንካራ መደገፊያ ላይ አነሳሁ። እያንዳንዱን ስኪ ይዤ ወደ ጎን፣ ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቅኩ። የመሪ ዘንግ መጋጠሚያዎችና ቡሾቹ (መጋጠሚያ ውስጥ የሚገቡ ቀለበቶች) ላይ ልቅነት ስለነበር ያረጁትን ቀየርኩ። በስኪውና በእግሩ መሃል የሚገባው ጎማም ስለሞተ አብሮ ተቀየረ። መጋጠሚያ ላይ ያለች ትንሽ ልቅነት ስኪው ጫፍ ላይ ስትደርስ ትልቅ ትሆናለች። እሷን ሳያስወግዱ ሌላውን ማስተካከል ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው።

ቀጥሎ ካርባይዱ። ከስኪው ሥር የሚታሰር ብረት አለ፤ ጫፉ ላይ ያለው የካርባይድ (በጣም ጠንካራ ቁስ) ስለት በረዶውን ነክሶ ማሽኑን ያዞራል። የእኔው ዱልዱም ሆኖ ነበር። በምትኩ ጎን ለጎን ሁለት ስለት ያለውን ዓይነት ገጠምኩ። አንድ ስለት በቀላሉ ቦይ ውስጥ ይገባል። ሁለቱ ግን ቦዩን መሃል አድርገው ስለሚያልፉ መሳቡ በጣም ቀነሰ። እንደ እኔ የተጠቀጠቀ መንገድ ላይ ለሚነዳ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣበት የመጀመሪያው ዕቃ ይህ ነው እላለሁ።

ከዚያ የስኪዎቹን አቅጣጫ ለካሁ። ማሽኗን ደልዳላ ወለል ላይ አቆምኩና መሪውን ቀጥ አደረግኩ። የስኪዎቹን አፍንጫ በላስቲክ ገመድ እርስ በርስ ሳብኳቸው፤ ይህ የቀረውን ልቅነት ይወስዳል። ከኋላ በሚሽከረከረው የጎማ ሰንሰለት ጎን ረጅም ቀጥ ያለ ጣውላ አስጠግቼ እስከ ስኪዎቹ አደረስኩት። ከጣውላው እስከ ካርባይዱ ያለውን ርቀት ከፊትና ከኋላ ለካሁ። ስኪዎቹ ከፊት በኩል በትንሹ ወደ ውጭ መከፈት አለባቸው። በብዙ ማሽኖች ይህ በጠቅላላው ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ የመጨረሻው ቃል ግን የማሽኑ መመሪያ ነው። ሁለቱም ጎን እኩል ይሁን። አፍንጫቸው ወደ ውስጥ ከገባ ማሽኑ ይዋልላል።

ዋናው ጉዳይ ግን ክብደት ነው። ነዳጅ ስንሰጥ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ስኪዎቹ ይቀላሉ። መሪው ተጠምዞም ቀጥ የምትለው ለዚህ ነው። ከሰንሰለቱ ውስጥ፣ ከፊት በኩል፣ የእገዳውን (ንዝረት የሚውጠውን የሞላ ሥርዓት) የፊት ክፍል ወደ ታች እንዳይዘረጋ የሚይዝ ማሰሪያ አለ። እሱን በአንድ ቀዳዳ ብቻ አሳጠርኩት። ስኪዎቹ ላይ ክብደት ተጨመረና ኩርባውን ያዘች። ብሶበት ቢያጥር ግን መሪው ይከብዳል፣ መሳቡ ይመለሳል፣ ጅራቷም መንሸራተት ትጀምራለች። ስለዚህ እዚህ ቦታ ላይ ስስት ጥሩ ነው።

የኋላውን ሞላ ያስተካከልኩት ሙሉ የክረምት ልብሴን ለብሼ ተቀምጬባት ነው። እገዳው ከሙሉ እንቅስቃሴው ከሩብ እስከ ሲሶ ያህል ዝቅ እስኪል ድረስ። የውስጠኛው ስኪ ሲነሳ ደግሞ የስኪዎቹን ሞላ በሁለቱም ጎን እኩል ትንሽ አላላሁ። ግራና ቀኙን የሚያገናኘው ስታቢላይዘርም በትክክል መታሰሩን አየሁ። ይህ ዘንግ ኩርባ ላይ ወደ ጎን መዘንበልን ይቀንሳል። ተራራ ላይ የሚነዱ አንዳንዶች የሚፈቱት ማሽኑ እንዲዘነብል ስለሚፈልጉ ነው። እኛ የመንገድ ነጂዎች የምንፈልገው ተቃራኒውን ነው።

ከዚህ ሁሉ የተማርኩት አንድ ትልቅ ነገር በአንድ ጊዜ አንድ ለውጥ ብቻ ማድረግን ነው። አንድ ነገር እለውጣለሁ፣ ያንኑ መንገድ በዚያው ፍጥነት እነዳለሁ፣ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። የበረዶውንም ሁኔታ እመዘግባለሁ። ጠዋት የደረቀው መንገድ ከሰዓት በኋላ ሲለሰልስ ያው ማሽን ሌላ ማሽን ይመስላል።

የአነዳዱም ድርሻ ቀላል አይደለም። ፍሬን ከኩርባው በፊት፣ ሰውነት ወደ ውስጥ፣ ዓይን ወደ መውጫው። መሪውን ሙጭጭ አድርጎ መያዝ መዋለሉን ያባብሰዋል።

አሁን የቀረኝ የኋላው ነው። ፊቷ በደንብ ሲነክስ በረዷማ ቦታ ላይ ኋላዋ ቀድሞ ይለቃል። ሰንሰለቱ ላይ የብረት እሾህ መትከል ይህን ያስተካክላል። ግን መጀመሪያ ሰንሰለቱ እሾህ የሚቀበል ዓይነት መሆኑን፣ ከሰንሰለቱ በላይ ያለው አካልና ራዲያተሩ መከላከያ እንዳላቸው፣ የምነዳበት መንገድም እሾህ እንደሚፈቅድ አረጋግጣለሁ።